ስላልተገለጠችው አንዲት ቅጠል

ለታሪካዊው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ክቡር ዋና ዳይሬክተር
ቢሮዎ ባለበት ሦስተኛ ፎቅ

ጉዳዩ፦ ከአባቴ ደብተር አንዲት ቅጠል እንድትገለጥልኝ ያቀረብሁትን ልመና ስለመሳብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ ጤናዎን፣ በተለይም የዓይንዎንና የጉልበትዎን ደኅንነት እጠይቃለሁ። ዓይንዎን የምጠይቀው በአሥራ አንድ ወር ውስጥ አምስት ደብዳቤ ጽፌልዎ ምናልባት ለማንበብ ተቸግረው ይሆናል በሚል ቅን ልብ ነው፤ ጉልበትዎን የምጠይቀው ደግሞ ከቢሮዎ እስከ ምድር ቤቱ የዐውደ ርእይ አዳራሽ ያሉትን አርባ ሁለት ደረጃዎች በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ሲወርዱ ስላላየሁ ነው። የደረጃውን ቁጥር አይጠራጠሩት፤ እኔ በስድሳ አራት ዓመቴ ስወጣ ስወርድ ቆጥሬዋለሁ።

ይህ ስድስተኛውና የመጨረሻው ደብዳቤዬ ነው። ባለፉት አምስቱ አንዲት ቅጠል ትገለጥልኝ ብዬ ለምኜ ነበር፤ በዚህኛው ልመናዬን በታላቅ አክብሮት እስባለሁ። አትገለጥ፤ እንዳለች ትኑር። የሳብሁበትን ምክንያት ግን እርስዎ ብቻ ሳይሆኑ በዚህ ከተማ ማንበብ የሚችል ሁሉ እንዲያውቀው ስለፈለግሁ ደብዳቤውን ግልጽ አድርጌዋለሁ፤ መዝገብ ቤትዎም የታሸገ ፖስታ መክፈት እንደሚከብደው ስላየሁ ተከፍቶ ቢመጣለት ሸክሙ ይቀልለታል ብዬ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልነሣ። አባቴ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። የቧንቧ ውኃ ከመግባቱ በፊት ይህ ከተማ የጠጣውን ውኃ ግማሹን እርሱ ነው ከመሬት ሆድ ያወጣው ብል ግፋ ቢል የሚቆጡኝ የሌሎች ጉድጓድ ቆፋሪዎች ልጆች ናቸው። ቧንቧው ሲገባ ማዘጋጃ ቤቱ ጉድጓዶቹ ይዘጉ ብሎ አዘዘ፤ አባቴም የቆፈራቸውን በገዛ እጁ አፋቸውን በግንድ እየረበረበ፣ አፈር እያለበሰ፣ እየደለደለ ዘጋቸው። ምልክት ድንጋይ አላስቀመጠም፤ ድንጋይ ይሰረቃል፣ ልጅም ያነሣዋል ባይ ነበር። በዚያ ፋንታ የእያንዳንዱን ቦታ ከየትኛው ግድግዳ ማዕዘን፣ በየት አቅጣጫ፣ ስንት እርምጃ እንደሆነ በደብተሩ ጻፈ። «ጉድጓድ ዘግቶ ያልጻፈ ሰው ወጥመድ ጠምዶ እንደሄደ ነው» ይል ነበር፤ ይህን ሲል ደግሞ ያለወትሮው ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

እርሱ ሲሞት ደብተሩ ከክሬና ከአዝራሬ ጋር በልብስ ስፌት ሣጥኔ ውስጥ ተቀመጠ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ያን ጊዜ የጥንታውያን ስብስቦች ክፍል ኃላፊ የነበሩት ሰው ሱሪ ሊያሳጥሩ ወደ ሱቄ መጡ። እኚህን ሰው ጋሽ ሹክሹክታ ነበር የምንላቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንባቢ መካከል ኖረው ገበያ መሐል እንኳ በሹክሹክታ ነበር የሚከራከሩት። ደብተሩን ሲያዩ ሱሪያቸውን ረሱትና፣ «እቱ፣ ይሄ እኮ እዚህ አይጥ ይበላዋል። እኛ ጋ ይቀመጥና ባሰኘሽ ጊዜ መጥተሽ ታነቢዋለሽ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ቃላቸውንም ጠበቁ፤ በሄድሁ ቁጥር ደብተሩን በነጭ ጨርቅ ላይ አጋድመው አምጥተው «ግለጪ» ይሉኝ ነበር። እኔም እገልጥ ነበር፤ ግን ቁጥሩን አላነብም፣ የአባቴን እጅ ጽሑፍ ነበር የማየው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው፤ ያን ጊዜ አንዱን ቁጥር በመዳፌ ላይ ጽፌ ብመለስ ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍሁ።

ጋሽ ሹክሹክታ ጡረታ ወጡ፤ እርስዎ መጡ፤ ከእርስዎ ጋር መስታወት መጣ። አዳራሹ ታድሶ ሲመረቅ የአባቴ ደብተር ከብራና መጻሕፍቱ ጎን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ስላየሁ አለቀስሁ፤ እጅዎን ጨብጬም አመሰገንሁዎ። ካመሰገንሁዎ ሁሉ ከልቤ የነበረው ያ ብቻ ነው። ደብተሩ የተከፈተው አባቴ መዘውሩን ከነገመዱና ከነባልዲው በሰማያዊ ቀለም አሳምሮ በሣለበት ገጽ ላይ ነበር። በዚያን ቀን ሥዕሉን ብቻ አየሁ።

ሥዕሉ ሥር ያለውን ያነበብሁት ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ያነበብሁትም የሰፈራችን ትምህርት ቤት ዘበኛ ወደ ሱቄ መጥቶ አንድ ነገር ስለነገረኝ ነው። ልጆቹ አባባ ፊሽካ ነበር የሚሉት፤ ፊሽካው ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። ያ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት መጥቶ፣ «እትዬ፣ በጨለማ ሳልፍ የሜዳው መሬት ከእግሬ ሥር እንደ ከበሮ መለሰልኝ፤ ሲነጋ ብፈልገው ግን ቦታውን አጣሁት። አባትሽ እዚያ የዘጉት ጉድጓድ ነበር እንዴ?» አለኝ። ደነገጥሁ። የጀመርሁትን ጨርቅ በመርፌው ሥር እንደተወጠረ ትቼ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሮጥሁ። ማንኛውም ጎብኚ በመስታወቱ ላይ አጎንብሶ ሊያነበው የሚችለውን እዚህ እገለብጥልዎታለሁ፦

«የትምህርት ቤቱ ሜዳ ጉድጓድ። ጥልቀቱ አሥራ ሦስት ሜትር። በግንድ ተረብርቦ ተዘግቷል። ግንዱ ሠላሳ ዓመት ይችላል፣ ከዚያ ወዲያ ይታይ። ቦታው፣ ከደቡቡ ግድግዳ ማዕዘን ተነሥተህ»

ገጹ እዚህ ላይ ያልቃል። በየት አቅጣጫና ስንት እርምጃ እንደሆነ ያለው ከቅጠሏ ጀርባ ነው። ጉድጓዱ ከተዘጋ አርባ አንድ ዓመቱ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ በየቀኑ ስድስት መቶ ልጆች ይሮጣሉ፤ የደንብ ልብሳቸውን የምሰፋው እኔ ስለሆንሁ የእያንዳንዳቸውን የወገብ ልክ አውቃለሁ። የጠየቅሁዎ አንድ ነገር ነው፤ ያችን ቅጠል አንድ ጊዜ አንሥተው፣ ቁጥሩን አይተው፣ እንዲመልሷት።

እንግዲህ ላደረጉልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ለመጀመሪያው ደብዳቤዬ በሰባት ሳምንት ውስጥ መልስ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ፤ ሠላሳ ዓመት የሚችል ግንድ አርባ አንድ ዓመት ከቻለ ሰባት ሳምንት ምን አላት? በመልስዎ ብርሃን የቀለምን ዕድሜ እንደሚያሳጥር፣ ስለዚህም የጀርባው ገጽ ለብርሃን ሊጋለጥ እንደማይገባው አስተምረውኛል። ዕውቀት ነውና ተቀብያለሁ። የፊተኛው ገጽ በምን ኃጢአቱ አሥራ አራት ወር ሙሉ መብራት ሥር እንደቆመ ግን እስካሁን አልተገለጸልኝም።

ሁለተኛ፦ ያ ገጽ እንዲታይ የመረጠው አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ መሆኑን፣ ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ የወሰነውን ኮሚቴው ብቻ ሊለውጥ እንደሚችል፣ ኮሚቴውም ሥራውን በሚገባ አጠናቆ በምስጋና መበተኑን ስላብራሩልኝ ባለ ዕዳዎ ነኝ። የመስታወት ሣጥኑ ሦስቱም ካልተገናኙ የማይከፍቱት ሦስት ቁልፍ አለው ተብሏል፤ አንዱ እርስዎ ዘንድ፣ ሁለተኛው ለሥልጠና ርቀው በሄዱት ምክትልዎ ዘንድ፣ ሦስተኛው እስካሁን ሰው ባልተቀጠረበት የሥራ መደብ ዘንድ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ለዚህ የተነገረ መስሎኛል፤ ልዩነቱ ላሟን ሰማይ ላይ የሰቀላት ራሱ ባለቤቷ መሆኑ ነው።

ሦስተኛ፦ ቅጠሏ የማትገለጥ ከሆነ ፎቶዋ ይታየኝ ብል፣ ፎቶ የተነሣው የፊተኛው ገጽ ብቻ ነው፣ የቀረው በሁለተኛው ምዕራፍ ተይዟል ተባልሁ። የተነሣውን ፎቶ ግን በደንብ እንደተጠቀሙበት አልክድም። በፖስት ካርድ ላይ አለ፣ በሻይ ኩባያ ላይ አለ፣ በጃንጥላ ላይ አለ። ባለፈው አንዲት ደንበኛዬ ልኳን ልትለካ መጥታ ጃንጥላዋን ስትዘረጋ «ከዚያ ወዲያ ይታይ» የሚለው የአባቴ ቃል ራሷ ላይ ተዘርግቶ አየሁ።

አራተኛ፦ ለዚህኛው ጥፋቱ የእኔ ነው። አባቴ ቀለም አብዝቶ ይነክር ስለነበር የጀርባው ጽሑፍ በወረቀቱ አልፎ ትንሽ ይታያል፤ የእጅ ባትሪ ይዤ ሄጄ መስታወቱ ላይ አብርቼ በቁሜም በጉልበቴም ሞከርሁ። የአንድ ፊደል ጭራ መሳይ ነገር አየሁ፣ ከዚያ ያለፈ አላየሁም፤ ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች በግራና በቀኝ ብብቴን ይዘው አወጡኝ። «በቅርስ ላይ ብርሃን በመልቀቅ» ለሦስት ወር ድርሽ እንዳልል ተፈረደብኝ። በር ላይ ያገኘችኝ የአዳራሹ ሠራተኛ፣ ያቺ ነጭ ጓንት የማይለያት ልጅ፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ፣ «እማማ፣ እኔ ብሆን አሁኑኑ ገልጬ አሳይዎት ነበር። ቁልፉን ግን በዓይኔም አይቼው አላውቅም» አለችኝ። ይህን በመጻፌ እንዳይቀጧት አደራ፤ በዚያ ቤት ውስጥ ያገኘኋት ሰው እርሷ ብቻ ናት።

አምስተኛው ምስጋና የእርስዎ አይደለም፤ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አስተላልፌዋለሁ። ርዕሰ መምህሯ ሜዳው ይዘጋልኝ ብላ ብትጠይቅ፣ «ቦታው በጽሑፍ ያልተረጋገጠ ጉድጓድ እንዳለ አይቆጠርም» አሏት። በጽሑፍ የተረጋገጠው ቦታ እርስዎ ዘንድ እንዳለ ብትነግራቸው፣ እንግዲያው ከዚያ ይምጣ አሉ። ሽማግሌዎችንም ጠየቅን፤ አንዱ ከዛፉ ሥር ነው አለ፣ አንዱ ከክፍሎቹ ኋላ ነው አለ፣ አንዱ ደግሞ ጉድጓድ ኖሮም አያውቅ ብሎ ማለ። ልጆች ካልሮጡ ልጆች አይደሉም፣ ሜዳውም የኳስ ሜዳ ያህላል። ርዕሰ መምህሯ በደቡቡ ግድግዳ በኩል በራሷ ገመድ ዘረጋች፤ በሳምንቱ ልጆቹ ገመድ ዝላይ አደረጉት።

ስድስተኛ፦ አባባ ፊሽካ።

በመጣ ቁጥር የሱቄን ደጃፍ ተደግፎ «እትዬ፣ ቁጥሩ መጣ?» ይለኛል። እኔም «አልመጣም» እለዋለሁ። አምስተኛውን ደብዳቤ ከላክሁ በኋላ አንድ ቀን እንዲሁ ጠይቆኝ እንዲሁ መለስሁለት፤ እርሱም፣ «እንግዲያውስ በእግሬ ላንብበዋ» አለ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ።

አልቀለደም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ልጆቹ ሳይመጡ በሩን ከውስጥ ቆልፎ፣ ዲጅኖ ይዞ፣ ከምዕራቡ ግድግዳ ጀምሮ ሜዳውን እንደ አራሽ በመስመር በመስመር ይሄድበት ነበር። በየእርምጃው ዲጅኖውን ይወጋል፣ ያዳምጣል፣ ያለፈበትን መስመር ከግድግዳው ላይ በጠመኔ ያሰምራል። ሃያ ሦስት ማለዳ ሄዷል፤ የጠመኔው መስመር አሁንም አለ፣ ሄደው መቁጠር ይችላሉ፣ እዚያ ደረጃ የለም። ዕረፍ ስትለው ርዕሰ መምህሯን፣ «እኔ ሰባ አምስት ኪሎ ነኝ፤ እኔን ከቻለ ልጆቹን ይችላል» ይላት ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ መሬቱ አልቻለውም። በሩ ሊከፈት አርባ ደቂቃ ነበር የቀረው። ልጆቹ መጥተው በሩን ተዘግቶ አገኙት፤ ተዘግቶ አግኝተውት ስለማያውቁ ፊሽካ፣ ፊሽካ እያሉ በሩን ደበደቡ፣ አንዳንዶቹ ሳቁ። የወደቀበት ቦታ በየማለዳው ስድስት መቶው ሁሉ ከበሩ ወደ ክፍል የሚያልፉበት መንገድ ነው። በሩን ቆልፎት ባይሆን ኖሮ የምጽፍልዎ ስለ አንድ ሰው አይሆንም ነበር። ሲያወጡት ቀትር ሆኖ ነበር፤ ሞቷል።

ጉድጓዱ እዚያ እንዳለ ያረጋገጥሁለት እኔ ነኝ። ቁጥሩ ያለበትን ደብተር አሳልፌ የሰጠሁም እኔ ነኝ። ስለ ራሴ ድርሻ ሌሊቱን የምነጋገረው ከራሴ ጋር ነውና እርስዎን በእርሱ አላስቸግርም። ስለ እርስዎ ድርሻ ግን በጨዋ ቋንቋ ልንገርዎ፦ ክቡር ሆይ፣ እጠላዎታለሁ። ወረቀት ከሰው አስበልጠው ስለጠበቁ አይደለም፤ ወረቀቱንም ስላልጠበቁት ነው። አባቴ ያን ደብተር የጻፈው እንዲነበብ ነው፤ የተጻፈበትን ጉዳይ ቀብሮ ቆዳውን መወልወል ጥበቃ ከተባለ፣ መቃብር ቆፋሪም የቅርስ ባለሙያ ነው።

ሰባተኛ፣ መጨረሻም፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በማግስቱ ሜዳው በቆርቆሮ ታጠረ፣ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ መኪና ላከ፣ የእርስዎም መሥሪያ ቤት ለሟች ባለቤት የሐዘን መግለጫ ካርድ ላከ። ሴትዮዋ ማንበብ ስለማትችል ካርዱን ይዛ ወደ እኔ መጣች። ሦስቱን መስመር አነበብሁላት፤ ጥሩ አማርኛ ነው፣ የጻፈልዎን እግዜር ይስጠው። ከዚያ ካርዱን ገለበጠችና ሥዕሉ ምንድን ነው አለችኝ። መሥሪያ ቤትዎ ያለው ካርድ አንድ ዓይነት ብቻ መሆኑን እርስዎ ያውቃሉ፤ መዘውር፣ ገመድ፣ ባልዲ፣ ከሥሩም «ከደቡቡ ግድግዳ ማዕዘን ተነሥተህ»። ልዋሻት አሰብሁ፣ አፌ እንቢ አለኝ። ሁሉንም አነበብሁላት፤ ቀሪው ከዚያው ቅጠል ጀርባ እንደነበረም ነገርኋት። ካርዱን በጥንቃቄ ለሁለት አጥፋ ጡቷ ሥር ወሸቀችውና፣ «አንድ ወረቀት ነው?» ብቻ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ አንድ ወረቀት ነው አልኋት።

በእነዚህ ምክንያቶች ልመናዬን ስቤአለሁ። ቅጠሏ በሰላም ትረፍ፤ ብርሃንም አይንካት፤ ከእንግዲህ የምትነግረን ነገር የለም። እርስዎም በጤና ይሰንብቱ፣ ኮሚቴዎ ይባረክ፣ ቁልፎችዎ ሦስትነታቸው ይጽና፣ የሚቀጥለውም ዐውደ ርእይ እንደዚህኛው ጎብኚ ይብዛለት።

ከማይቀነስ አክብሮት ጋር፣
የጉድጓድ ቆፋሪው ልጅ፣ የትምህርት ቤቱ ልብስ ሰፊ፣ ደብተሩን በገዛ እጇ ያስረከበች፣ ከአዳራሽዎ ለሦስት ወር የታገደች፣ እገዳዋን ጨርሳ ተመልሳ የማትመጣ

ግልባጭ፦
ለተበተነው ኮሚቴ፣ ባሉበት
ክፍት ለሆነው የሦስተኛ ቁልፍ ያዥ የሥራ መደብ
ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ፣ ቦታው በጽሑፍ እንዲረጋገጥላቸው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት የሟች ባለቤት ቦታውን ላየው ብላ አብሬያት ሄድሁ። ከደቡቡ ግድግዳ የምሥራቅ ማዕዘን ተነሥታ ወደ በሩ አቅጣጫ ሄደች፣ እኔ ቆጠርሁ፤ እስከ ጉድጓዱ አፍ ስድሳ ሁለት እርምጃ ነው። ለመስታወቱ መግለጫ የሚያስፈልግዎ ከሆነ ይህን ይጻፉበት። እርምጃዋ ግን በተፈጥሮው አጭር ነው፣ ትናንት ደግሞ ይበልጥ አጥሮ ነበርና አባቴ ከጻፈው ላይገጥም ይችላል። ማመሳከር ከፈለጉ ገልጠው ይዩት።